ገጽ መቶ ሃያ ዘጠኝ

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አክስቴን ላሳስራት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያኔ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እህል በአፌ አልዞረም፤ እናቴም ግንባሬን እየዳበሰች «ይቺን ልጅ ምን ነካት?» ስትል ሰነበተች። እኔን የነካኝ ነገር አልነበረም። የማይነካ የነካሁት እኔ ነኝ፤ እሱም መጽሐፍ ነው።

አክስቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነበረች። ሱቋ በጫማ ሰፊውና በቁልፍ ቀራጩ መካከል የተሰነቀረች አንዲት ክፍል ናት። በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የሙጫ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ሰው የሚያህል የብረት መጭመቂያ፤ አክስቴ ራሷ የምትታየው መጨረሻ ላይ ነው፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ክር በጥርሷ ይዛ። እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚያ ነበር የምሄደው። የቤት ሥራዬን የምሠራው በወረቀት ቁርጥራጭ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ወንበር እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አንድ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያውን ሲያጸዳ ማንም ያልፈለጋቸውን አራት ሣጥን መጻሕፍት ለአክስቴ ሰጥቷት ነበር። ሁሉም የሳይንስ ልቦለድና የምናብ ታሪክ ነው፤ በከዋክብት መካከል የሚከንፍ መርከብ፣ ዘንዶ፣ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት፣ ጥላውን የሸጠ ንጉሥ። ሽፋናቸው ተገንጥሎ፣ ስፌታቸው ተፈቶ ነው የመጡት። አክስቴ በትርፍ ሰዓቷ አንድ በአንድ እየጠረዘች ለሁለት ወዳጆቿ ታድላለች፤ እነሱም ያነባሉ፤ ሐሙስ ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሱቋ ውስጥ ተሰብስበው ስለ አነበቡት ይናገራሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ሐሰት አይነገርም። ያልወደደ ወደድኩ አይልም፤ የሰለቸው አልሰለቸኝም አይልም።

ከሁለቱ አንዷ ነርሷ ናት፤ ከክሊኒክ ከነነጭ ጋዋኗ የምትመጣ፣ ሳቋ ጫማ ሰፊው ቤት ድረስ የሚሰማ። ሌላው ዳኛው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው። በስማቸው ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም፤ አክስቴም ነርሷም የሚሏቸው «ዳኛው» ነው። ልጅ ደግሞ የሰማውን ያምናል።

«እህስ ዳኛው፣ ዘንዶው እንዴት ነበር?» ትላለች ነርሷ።

«ዘንዶው ሦስት መቶ ገጽ ተኝቶ ሦስት መቶ አንደኛው ላይ ነቃ። እኔም የነቃሁት አብሬው ነው።»

«ፍርድ?»

«ይታሰር።»

አክስቴ መጽሐፉን ትቀበልና ጥግ ላይ ካለው ባለ ወንፊት ሽቦ ቁምሣጥን ውስጥ አስገብታ ትቆልፍበታለች። ቁልፉ ቀጭ ሲል ደብተሬን እዘጋለሁ። ቁምሣጥኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ዳኛው በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ መጽሐፍ እንኳ በነጻ አላሰናበቱም።

ነርሷ እንኳ አንዳንዴ ትራራለች። የሚያናድዳት ሌላ ነገር ነው። «ከሌላ ዓለም የመጡት ፍጡሮች ሦስት ልብ አላቸው ይላል። እሺ፣ ይሁን። ደም ግፊታቸው ስንት ነው? ዝም! ሦስት ልብ ሰጥቶ ደም ግፊት የማይነግረኝ ደራሲ ሰነፍ ነው!»

«የእኔው ደግሞ» ይላሉ ዳኛው፤ «ወደ ኋላ ዘመን ተመልሶ አባቱን ከጋብቻ አዳነ። ታዲያ ይሄን የሚያወራን ማን ወልዶት ነው?»

እነሱ ይስቃሉ፤ እኔ አልስቅም። ወሬያቸው ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹን ራሴ እሞላዋለሁ። አንድ ሐሙስ ዳኛው ጠረጴዛውን እየደበደቡ «ሁለት መቶ ሰው ገድሎ አንዲት ጠብታ እንባ አላስወጣኝም!» ሲሉ ሰማሁ። ሁለት መቶ ሰው የገደለ ወንጀለኛ በከተማው ውስጥ እንደሚዞር ስለ ገባኝ ያን ሳምንት ከእናቴ ቀሚስ አልተላቀቅሁም።

ዳኛው እውነተኛ ዳኛ ለመሆናቸው ደግሞ ማስረጃ ነበረኝ። አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገበያ ስንሄድ አየኋቸው። ካርቶን የሚያህል ቦርሳ ይዘው አንድ እህል ቤት ገቡ። ከቦርሳው የነሐስ ክብደቶች አውጥተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ሚዛኑን በሽቦ አስረው በእርሳስ ብረት ማኅተም ቆነጠጡት። ባለሱቁ፣ ያ ወፍራም ሰውዬ፣ እጁን እያሻሸ «ጋሼ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ» ይላቸዋል። እሳቸው «ሕግ ነው ወንድሜ» ብለው ወጡ። ሱቁ ተዘጋ። ወጪ ወራጁ ሁሉ ከመንገዳቸው ገለል ይልላቸው ነበር።

ሚዛን መርማሪ ነበሩ። ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም አልነበሩም። ችሎት ረግጠው የሚያውቁም አይመስለኝም። ዳኛው የሚለውን ስም ያወጣችላቸው ነርሷ እንደሆነች ያወቅሁት ጡት መያዣ ማድረግ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ያኔ ግን ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር፤ ሱቅ የሚያሽጉት፣ ጥፋተኛ የሚያስሩት እሳቸው ናቸው፤ አክስቴ ረቡዕ ረቡዕ «ነገ ደግሞ የሚፈረድብንን እናያለን» የምትለው ጨንቋት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

መጽሐፍ ስፌቱ ሲፈታ ነጠላ ነጠላ ወረቀት አይሆንም። አሥራ ስድስት ገጽ የያዘ እጥፍ፣ እጥፍ፣ እጥፍ ነው የሚሆነው። በእያንዳንዱ እጥፍ መጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ ጉንዳን የምታህል ቁጥር አለች፤ ጠራዥ የሚደረድረው እሷን ተከትሎ ነው። አክስቴ ያን ሳምንት ሁለት መጽሐፍ አንድ ላይ ፈትታ ነበር። ሁለቱም ከአንድ ማተሚያ ቤት የወጡ፣ በቁመት፣ በፊደል፣ በወረቀታቸው ቢጫነት ሳይቀር መንታ ናቸው። «ቁጥሩን እያየሽ በየክምሩ ደርድሪልኝ። ማንበብ የለም፤ የተፈታ መጽሐፍ ይጨማደዳል» ብላኝ ክር ልትገዛ ወጣች።

አነበብኩ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ!

አንደኛው ሁለት መቶ ዓመት የሚፈጅ መንገድ ስለሚሄድ የከዋክብት መርከብ ነው፤ ውሃ እያለቀባቸው ነው። ሁለተኛው ዝናብን ጋን ውስጥ ስለቆለፈ ንጉሥና ጋኑን ልትሰርቅ ግንብ ስለምትወጣ ልጅ ነው። አንዱን ጥዬ ሌላውን ሳነሳ፣ ሁለቱን ጭኔ ላይ አድርጌ መሬት ላይ ተዘርፍጬ ሳለ የአክስቴ ኮቴ ደረጃው ላይ ተሰማ። እጥፎቹን አፈፍ አፈፍ አድርጌ በቁጥራቸው ደረደርኳቸው። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፤ አንድም ቁጥር አልተዛነፈም። በማግስቱ አክስቴ ሰፋቻቸው፣ ሽፋን አለበሰቻቸው፤ መርከቡን ለዳኛው፣ ጋኑን ለነርሷ ሰጠች።

ማክሰኞ ዕለት ዳኛው ያለ ቀናቸው መጡ። በሩን እንኳ አልዘጉም።

«ሴትዮ!» አሉ አክስቴን። «ይሄን መጽሐፍ ከየት አመጣሽው?»

አክስቴ ከክሩ ላይ ቀና አለች። «ምነው? ምን ሆነ?»

«ውሃ አለቀባቸው። እሺ? ካፒቴኗ የመጨረሻውን ማጠራቀሚያ ከፍታ እጇን ሰደደች፤ የነካችውም፣ ይላል፤ ወደ ቀጣዩ ገጽ አለፍኩ፤ ‹ዝናብ ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ የሚንቀሳቀስ ዝናብ› ይላል! ከዚያ ስድሳ ገጽ ሙሉ ዝናብ! ንጉሥ አለ፣ ገበሬ አለ፣ በጭቃ የሚንቦራጨቅ ሕፃን አለ። ደራሲው አንዲት ቃል አላብራራም። ለምን ያብራራል? የተጠማ ሰው ምን ያያል? ዝናብ ነዋ የሚያየው!» ኮታቸውን አወለቁ። ያን ቀን ነው ኮት የሌላቸውን ዳኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። «ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ደራሲ ይሄ ነው። ሐሙስ በነጻ አሰናብተዋለሁ፤ ብቻዬን አጨበጭብለታለሁ!»

አክስቴ ወዲያው ወደ ክሯ አቀረቀረች። እኔ ግን ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የመርከቡን ታሪክ እስከዚያ አንብቤዋለሁ፤ ካፒቴኗ የነካችው ደረቅ ብረት ነው። ዝናቡ የጋኑ ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያሉትን እጥፎች አቀያይሬያቸዋለሁ። እጥፍ ዘጠኝ በሁለቱም መጽሐፍ ገጽ መቶ ሃያ ዘጠኝ ላይ ነው የሚጀምረው፤ የሁለቱም ገጽ መቶ ሃያ ስምንት «የነካችውም» ላይ ያልቃል። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ በመጽሐፍ ባነበው ኖሮ እኔም «ይታሰር» ባልኩ ነበር። ግን ሆነ፤ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ሐሙስ ይደርሳል፤ ነርሷ የእሷን ትናገራለች፤ ነገሩ ይፈነዳል። ጎደሎ ሚዛን ያሸገው የዳኛው እጅ የተበላሸ መጽሐፍ የሰጠቻቸውን አክስቴን ይምራል? በሩ ላይ ሽቦውና ማኅተሙ ታየኝ፤ አክስቴም ከወንፊቱ ሽቦ ጀርባ፣ ከዘንዶው አጠገብ ቁጭ ብላ ታየችኝ።

ልነግራት ሞከርኩ። ረቡዕ ዕለት ሁለት ጊዜ «አክስቴ» አልኳት፤ ሁለት ጊዜ «ወዬ የኔ ዓለም» አለችኝ፤ ሁለት ጊዜ «ምንም» አልኩ። እሷ ደግሞ ያን ቀን ብቻዋን ፈገግ እያለች ታንጎራጉር ነበር። የሚጠብቃትን ሳታውቅ ስታንጎራጉር መስማት ከምንም በላይ አንገበገበኝ።

ሐሙስ ደረሰ። ዳኛው አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘው መጡ። ቆመው ነው የተናገሩት፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ጥም። በመጨረሻም «በነጻ ይሰናበት!» ብለው አጨበጨቡ። አክስቴ ሙጫዋን ታማስላለች፤ ጆሮዋ ሥር ቀልቷል።

«አይ እድል!» አለች ነርሷ። «ለእርስዎ እንዲህ ያለ ደርሶ ለእኔ የደረሰኝን አይጠይቁኝ። አንዲት ልጅ አለች፤ የወደድኳት ልጅ! ግንብ ለግንብ ተሳበች፣ ጉልበቷ ተላጠ፣ ጋኑን ከፈተች፣ እጇን ሰደደች፤ ‹የነካችውም ደረቅ ብረት ብቻ ነበር› ይላል! ከዚያ ያልታወቁ ሰዎች ብረት ቤት ውስጥ ውሃ በማንኪያ ይለካሉ፤ ስድሳ ገጽ! በኋላ ወደ መንደሩ ስንመለስ ሕዝቡ በዝናብ በስብሶ ይጨፍራል። በየት በኩል ዘነበ? እኔ…»

«እኔ ነኝ!»

ድምፄ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም። ከወረቀቱ ክምር ላይ ተነሥቼ ቆሜያለሁ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ አክስቴን እንዳያስሯት! ሱቁንም አያሽጉባት! እጥፎቹን ያደባለቅኋቸው እኔ ነኝ። አታንቢ ብላኝ አንብቤ ነው። ዝናቡ የመርከቡ አይደለም፤ የልጅቷ ነው።» ከዚያ እንባዬ አላናግር አለኝ።

ዳኛው እኔን አዩኝ፤ አክስቴን አዩ።

«ማን ነው የሚያስራት?»

«እርስዎ። ዳኛ አይደሉ?»

ነርሷ ናት የጀመረችው። ሳቋ ፈንድቶ ብርቱካን አስጣላት። ዳኛው መጀመሪያ ሊቆጣጠሩት ሞክረው ነበር፤ ኋላ ግን ሆዳቸውን ይዘው ወንበር ላይ ወደቁ። «የኔ ልጅ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «እኔ የማስረው ሚዛን ብቻ ነው። ሚስቴ እንኳ አትፈራኝም።» ሦስት ቀን የተሸከምኩት ድንጋይ ከላዬ ወረደና ተመልሼ ክምሬ ላይ ተቀመጥኩ። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። ማማሰያዋን ይዛ ሙጫው ላይ እንዳቀረቀረች ናት። እጅግ እንደ ተቆጣችኝ ገባኝ።

ዳኛው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ገልጠው መገናኛውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ነገ ፈትቼ በየቦታቸው እመልሳቸዋለሁ» አለች አክስቴ በቀጭን ድምፅ።

«አይሆንም! በስምንት ዓመት አንድ መጽሐፍ ብወድ ልታፈርሽብኝ? እንዳለ ይቀመጥ።»

«የሰው ድርሰት ነው እኮ ዳኛው» አለች ነርሷ።

«የተሻለ ድርሰት ሆኗል!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አዋቂ ሰው እንደዚያ አተኩሮ አይቶኝ አያውቅም። «አንቺ ነሽ ሁለቱንም የምታውቂው። ምን ትያለሽ? እኔን ለማስደሰት ብለሽ እንዳትዋሺ፤ እዚህ ቤት እውነት ነው የሚነገረው።»

አፍንጫዬን በክንዴ ጠረግሁ። «መርከቡ ከነዝናቡ ይሻላል።»

«ይኸው!» ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

«ግን ልጅቷ» አልኩ፤ «ጋኑን ስትከፍተው ባዶ ነው። ያን ሁሉ ግንብ ወጥታ። እርስዎ የወደዱት ዝናብ ከእሷ የተወሰደ ነው።»

ዳኛው የነርሷን መጽሐፍ ሳቡና ገጽ መቶ ሃያ ስምንትን አነበቡ፤ ወደ ትይዩው ገጽ አለፉ፤ ደረቅ ብረቱን አነበቡ። ከዚያ መርከባቸውን አንስተው ለአክስቴ ዘረጉላት።

«ቁረጪው» አሉ። «ለባለቤቷ ይመለስላት።»

አክስቴ እዚያው ክሩን በመቀስ ቆረጠችው። ብርቱካኑን ከወረቀት ርቀን፣ በር ላይ ቆመን ጨረስነው። የሚቀጥለው ሐሙስ እኔም የራሴን መጽሐፍ ይዤ፣ የራሴን ፍርድ ተናገርኩ፤ ስለ አንድ የሚበር ፈረስ ነበር፤ «ክንፉ ያምራል፣ ወሬው ይበዛል» አልኩ። ዳኛው በትክክል የተጠረዘውን መርከብ አንብበው መጡ። ሰዎቹ በመጨረሻ በረዶ ያገኛሉ። «ምን ያድርጉ፣ ምስኪኖች» አሉ ዳኛው፤ «ግን ዝናቡን ካየሁ በኋላ በረዶ አያታልለኝም። ይታሰር።»

ይህን ታሪክ ለስንት ሰው እንዳወራሁት አላውቅም። የእኔ ማስተዋወቂያ ሆኗል፤ መጻሕፍት የምወደውና የምጠላው ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ከዚህ ነው የምጀምረው። ባለፈው ወር አክስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿ መርፌ አይዙም፤ ዓይኗ ግን ይሠራል። ጨረቃ ላይ ስለ ተቆረቆረ ከተማ የሚያወራ ስድስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ወስጄላት ነበር፤ «ሁለት መቶ ገጹ ቧንቧ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ ካልሆንሽ ዝለይው» አልኳት። ሳቀች። እግረ መንገዴን ያን ሐሙስ አነሳሁት። አሁን ግን አልሳቀችም።

«እኔ አይቼው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«መጽሐፉን። ሰፍቼ ጨርሼ ገጾቹን ሳገላብጥ አየሁት። ልፈታው መቀስ አንስቼ ነበር፤ ትንሽ ላንብብ ብዬ ቁጭ አልኩ። ስድሳ አራቱንም ገጽ ጨረስኩት። ብቻዬን ስስቅ ቁልፍ ቀራጩ ደህና ነሽ ወይ ብሎ መጣ። ለእሳቸው የሰጠኋቸው ሆን ብዬ ነው። ‹የሚያስደንቀኝ የለም› እያሉ ስምንት ዓመት አደረቁን፤ እስቲ ይሄን ይበሉ አልኩ። ሐሙስ ዕለት ሁለቱም ሲጨርሱ ልነግራቸው ነበር፤ ልንስቅ። አንቺ ብድግ አልሽ።»

እኔ የማስታውሰው የቀላ ጆሮ፣ የረቡዕ ማንጎራጎር፣ ሙጫው ላይ ያቀረቀረ ራስ። ለካ በእኔ ተቆጥታ አልነበረም።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አፈርኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እየተንቀጠቀጠች ለእኔ ብላ ስትናዘዝ፣ እኔ አውቄው ነበር ልበል? ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ስል ነገ ስል ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነ። ዝናቡ የልጅቷ ነው ብለሽ ስትፈርጂ ደግሞ ባሰብኝ።» ጭኗ ላይ ያለውን ጨርቅ አጥፋ ዘረጋች። «ተቀየምሽኝ?»

ምላሴ ላይ የነበረው «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ያረጀ ነገር ነው» የሚለው ነው። ሰው ለአዛውንት የሚለው እሱን ነው። እሷ ግን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ሐሙስ ሐሙስ እንደሚያደርጉት ትጠብቀኛለች። ሦስቱን ቀን አሰብኳቸው፤ ያልበላሁትን እራት፣ የእናቴን እጅ ግንባሬ ላይ።

«ትንሽ» አልኳት። «ትንሽ ተቀይሜሻለሁ።»

ፊቷ በራ።

«ተመስገን» አለች። «አይ ብትይኝ ኖሮ አንዲት ቃል አላምንሽም ነበር።»